ግራሶ የተነፈገ መኪና

አገራችን ሰፊ፣ መልክዓ ምድሯም ተራራና ገደል፣ በረሃና ወንዝ የበዛበት መሆኑን ማንም የሚስተው አይደለም። አስፋልቱ ካለቀበት ስፍራ ወዲያ የሚኖረው ሕዝብ ደግሞ ብዙ ነው። የክትባቱን መድኃኒት፣ የፈተናውን ወረቀት፣ ምርጥ ዘሩን፣ ዳኛውንና የእርሻ ባለሙያውን ወደዚያ የሚያደርሰው፣ ምጥ የጠናባትን እናት ከዚያ የሚያመጣው በአብዛኛው ያ በአቧራ የተሸፈነ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ በአራቱም ጎማዎቹ መሬቱን እየቧጠጠ የሚወጣ የመስክ መኪና ነው። ስለዚህ መኪና ብዙ አይጻፍም። አዲስ ሆኖ ለመሥሪያ ቤቱ ሲሰጥ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ስሙ የሚነሣው ሲገለበጥ ወይም ጨርሶ ሲቆም ብቻ ነው። እኛ ዛሬ ልንናገርለት የወደድነው በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል ስላለው ረጅም ዘመን ነው፤ ይኸውም ስለ ዘይቱ፣ ስለ ግራሶውና ስለ ዕለት ተዕለት አያያዙ ነው።

ወደ አንዳንድ መሥሪያ ቤት ግቢ የገባ ሰው ከቢሮው ጀርባ ወይም ከአጥሩ ሥር ጎማቸው ተንፍሶ፣ ኮፋኗቸው ተከፍቶ፣ ሣር በቅሎባቸው የተደረደሩ መኪናዎችን ያያል። «ምን ሆነው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚሰጠው መልስ ባጭሩ «አርጅተው ነው» የሚል ነው። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን እርጅና የገደላቸው ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩት ውሃ አጥቶ እንደሚሞት ከብት በዘይትና በግራሶ ጥም የሞቱ ናቸው።

አሟሟታቸውም እንዲህ ነው። ከካምቢዮው ወደ ጎማዎቹ ኃይል በሚወስደው ዘንግ ጫፍ ላይ ክሮቼራ የሚባል የመስቀል ቅርጽ ያለው ትንሽ ብረት አለ። ይህ ብረት በየጊዜው ግራሶ ይፈልጋል። ግራሶውን ያጣ እንደሆነ በመጀመሪያ ይደርቃል፤ ቀጥሎ ይዝጋል፤ መኪናው ሲነሣ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ማሰማት ይጀምራል። ድምፁን የሰማው ሹፌር ለኃላፊው ይነግራል፤ ኃላፊው «ከዚህ ጉዞ ስንመለስ» ይላል። ከዚያ ጉዞ ሳይመለሱ ክሮቼራው ይሰበራል፤ የወደቀው ዘንግ ሌላውን ክፍል መትቶ ይሰብራል። መኪናው ተጎትቶ ይመጣና መለዋወጫ እስኪገዛለት ይቆማል። ግዢው በደብዳቤ ሲመላለስ ወራት ያልፋሉ። በዚህ መካከል ለሌላው መኪና ባትሪ ይጠፋና ከዚህ ይፈታል፤ ነገ ጎማው ይሄዳል፤ ከነገ ወዲያ ዲናሞው ይወሰዳል። በመጨረሻ መለዋወጫው ቢመጣ እንኳ የሚገጠምበት መኪና የለም፤ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ቅጠሉ አንድ ጉርሻ የምታህል ግራሶ ነበረች።

እነዚህ አሮጌ መኪናዎች እንዲህ በቀላሉ ይሞቱ ዘንድ የተሠሩ አልነበሩም። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በሆላንድ አገር በአምስተርዳም በተደረገው የመኪና ትርዒት ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተነሣ ብረት በመጠን የሚታደል ስለ ነበረ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ ቴላዮው ግን ብረት ሆነ። ይህ ዓይነት እየተሻሻለ እስከ 1985 ተሠርቷል፤ እርሱን የተከተለውና ዲፌንደር የተባለው የድሮው ቅርጽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ማምረቻው ቆሟል። በጃፓን አገር ደግሞ የላንድክሩዘር የመጀመሪያው አባት እ.ኤ.አ. በ1951 ተሠራ፤ 40 የሚባለው ዓይነት በ1960፣ 70 የሚባለው በ1984 ወጣ፤ ይህም የመጨረሻው እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል። የእነዚህ መኪናዎች ልዩ ጠባይ በቀላል መሣሪያ የሚፈቱና የሚገጠሙ፣ የዘይት መሙያቸውም ሆነ የግራሶ መቀበያቸው ለባለቤቱ የሚታይ መሆኑ ነው። የሠሯቸው ሰዎች ከጋራዥ ርቆ ለሚኖር ገበሬና ሐኪም ብለው ሠርተዋቸዋል። ይህም ማለት ከባለቤታቸው እጅ አንድ ነገር ይጠብቃሉ ማለት ነው። የሚጠብቁትን ካገኙ ዕድሜያቸው ከሰው ዕድሜ ጋር ይወዳደራል፤ ካላገኙ ግን የኮምፒውተር መብራት አብርተው «ችግር አለ» ብለው የሚናገሩ አይደሉም። የሚናገሩት በድምፅ፣ በሽታና በጠብታ ነው።

የቅባት ጥቅም ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እናቶቻችን እንጀራ ከመጋገራቸው በፊት ምጣዱን በጎመን ዘር ያስሳሉ። ያልታሰሰ ምጣድ እንጀራውን ይይዛል፤ በግድ ቢላቀቅም ይቀደዳል። ብረትም ከብረት ጋር ሲፋተግ እንደዚሁ ነው። በሁለቱ መካከል ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን ካለ አንዱ በሌላው ላይ ይንሳፈፋል፤ ሽፋኑ ከጠፋ ይጋጫሉ፣ ይግላሉ፣ በመጨረሻም ይነካከሳሉ። ከዚህም በላይ ዘይት ሙቀትን ያወጣል፤ ጥላሸትንና የብረት ብናኝን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ዝገትንም ይከላከላል። ይህን ሁሉ ሲሠራ ራሱ ይደክማል። ስለዚህ ዘይት ቢጎድል መጨመር ብቻውን አይበቃም፤ የደከመው ወጥቶ አዲስ ሊተካ ይገባል። በቆሸሸ ውሃ ላይ ንጹሕ ውሃ ቢጨምሩበት ንጹሕ እንደማይሆን የታወቀ ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ለወጣት አንባቢዎቻችን እናቅርብ። በአንድ የድሮ ላንድሮቨር ውስጥ ዘይት የሚቀመጥባቸው ዋና ዋና ቦታዎች ስንት ናቸው? ብዙ ሰው «አንድ፤ ሞተሩ» ብሎ ይመልሳል። እንቁጠራቸው። ሞተሩ አንድ፤ ካምቢዮው ሁለት፤ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ሣጥን ሦስት፤ የፊቱ ዲፈረንሻል አራት፤ የኋላው አምስት፤ የፊት ጎማዎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ በሚታጠፉበት ስፍራ ያሉት ሁለቱ ድቡልቡል ቤቶች ስድስትና ሰባት፤ የመሪው ሣጥን ስምንት። ከእነዚህ ከስምንቱ በየጠዋቱ የሚታየው አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ሁልጊዜ አይታይም። የቀሩት ሰባቱ የሚታወሱት ድምፅ ሲያሰሙ ነው፤ ድምፅ ካሰሙ በኋላ የሚፈስላቸው ዘይት ደግሞ ለሞተ ሰው እንደሚሰጥ መድኃኒት ነው።

የሞተሩ ዘይት በብዙዎቹ አሮጌ ዓይነቶች በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ይለወጣል፤ ትክክለኛው ልክ በየመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ተጽፏል። ዳሩ ግን ይህ ቁጥር የተጻፈው ደህና መንገድ ላይ ለሚሄድ መኪና ነው። በአቧራ፣ በዳገትና በከባድ ማርሽ ቀኑን ሙሉ ሲያቃስት ውሎ 40 ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ መኪና፣ በአስፋልት 300 ኪሎ ሜትር ከሄደው ይልቅ ዘይቱ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ለመስክ መኪና ኪሎ ሜትሩን ብቻ ሳይሆን የሠራበትንም ሰዓት መቁጠር፣ ዘይቱንም ከተጻፈው ጊዜ አስቀድሞ መለወጥ ብልህነት ነው። ለካምቢዮና ለዲፈረንሻል የሚሆነው ወፍራም ዘይትም ሁሉ አንድ አይደለም። የድሮ ካምቢዮዎች የነሐስ ክፍሎች ስላሏቸው ለዲፈረንሻል ተብሎ የተዘጋጀ ኃይለኛ ዘይት ሊጎዳቸው ይችላል። በርሜሉ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የሚችል የተማረ ሰው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ግራሶ ማስገባትም ጥበብ አለው። በመጀመሪያ ግራሶው የሚገባባት ትንሿ የብረት ጉጥ በጨርቅ መጠረግ አለባት፤ አለዚያ ፓምፑ አቧራውን ከግራሶው ጋር አብሮ ወደ ውስጥ ይነዳዋል፤ ልናድነው የፈለግነውን ብረት በገዛ እጃችን እንፈጨዋለን ማለት ነው። ቀጥሎ በክሮቼራው ላይ አሮጌው ግራሶ ጠቁሮ እስኪወጣና አዲሱ በጠርዙ እስኪታይ ድረስ ቀስ ብሎ መግፋት ነው። በሚንሸራተተው የዘንጉ ክፍል ላይ ግን ከመጠን በላይ ማጨቅ መንቀሳቀሻ ስለሚያሳጣው ይጎዳዋል። እንደ ላንድክሩዘር ባሉት ላይ የባሌስትራው መያዣ ብሎኖችም የግራሶ መቀበያ ስላላቸው መዘንጋት የለባቸውም። ዓይነታቸው የተለያየ ግራሶዎችንም ማቀላቀል አይገባም፤ አንዳንዶቹ ሲገናኙ ሟሙተው ይፈሳሉ። ጉጧ ተደፍና ግራሶ አልቀበል ባለች ጊዜ ፈትቶ ማጽዳት ወይም መለወጥ እንጂ ዘሎ ሄዶ በወረቀት ላይ «ተደርጓል» ብሎ መፈረም መኪናውን አያድነውም። ብረት ፊርማ አያነብም።

አቧራም የመስክ መኪና ትልቅ ጠላት ነው። አቧራ ማለት የተፈጨ ድንጋይ ነው። ሞተሩ የሚተነፍሰውን አየር የሚያጣራው የድሮው ማጣሪያ ከሥሩ ዘይት የተሞላ ጎድጓዳ ሳሕን አለው፤ አቧራው በዚያ ዘይት ላይ ይያዛል። በበጋ አንዱ መኪና ከሌላው ኋላ እየተከተለ በሚሄድበት ጊዜ ይህ ዘይት በአንድ ቀን ጭቃ ሊሆን ይችላል። ማታ ሳሕኑን አውርዶ፣ ጭቃውን ጠርጎ፣ አጥቦ፣ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ መሙላት የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ይህ ሩብ ሰዓት ከጠፋ ሞተሩ የተፈጨ ድንጋይ ሲውጥ ይከርምና ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል፤ ጉልበቱም ይከዳዋል።

ክረምት ሲገባ ደግሞ የወንዙ ነገር ይመጣል። መንገድ ሲሄድ የጋለ ዲፈረንሻል በድንገት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል። የመተንፈሻው ቀዳዳ በጭቃ ከተደፈነ ደግሞ በሌላ ስንጥቅ ውሃ ይስባል። በማግሥቱ ዘይቱ ወተት መስሎ ይገኛል፤ ወተት የመሰለ ዘይት ብረትን አያለሰልስም። ይህን ለማወቅ መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ ጠዋት ሳይነሣ የማፍሰሻውን ቡሎን በጥቂቱ ማላላት ነው። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ካለ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው እርሱ ነው። በድሮ ላንድሮቨሮችም ከፍሪሲዮኑ ቤት ሥር አንዲት ቀዳዳ አለች፤ ወንዝ ከመግባት በፊት በቡሎን ትደፈናለች፣ ከወንዝ ከወጡ በኋላ ትከፈታለች። ተደፍና ከቀረች የሚንጠባጠበው ዘይት መውጫ አጥቶ ፍሪሲዮኑን ያበላሸዋል፤ ሳትደፈን ከቀረች ውሃው ይገባል። እንግዲህ አንዲት ቡሎን በጊዜዋ መግባቷና በጊዜዋ መውጣቷ የአንድን መኪና ጤና እንደምትወስን እናያለን።

የአገራችን ከፍታም የራሱ ፈተና አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን ጨቁኖ ይዞ የመፍላቱን ጊዜ ያዘገያል። ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ ወይም በላስቲክ የተወተፈ መኪና በደጋው ዳገት ላይ ቶሎ የሚፈላው ስለዚህ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲሄዱ የአባይን ሸለቆ የወረደ ሰው ደግሞ ፍሬን ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ቁልቁለቱ በከፍታ ልክ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ለዓመታት ያልተለወጠ የፍሬን ዘይት በቁልቁለቱ ሙቀት ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላና የሹፌሩ እግር ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይዞት ይሄዳል። በየሁለት ዓመቱ ገደማ መለወጥና በከባድ ማርሽ መውረድ የሚመከረው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ የአያያዝ ጉዳይ የንብረት ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የነፍስ ጉዳይ ይሆናል።

ጥንት በቅሎ የሚቀመጥ ሹም ማታ ማደሪያው ሲደርስ ኮርቻዋ እንደ ወረደ ጀርባዋን ያይ ነበር። መላጥ የጀመረ እንደ ሆነ ነገ አይጭናትም። «በላች? ጠጣች?» ብሎ አሽከሩን ሳይጠይቅ አይተኛም። ይህን የሚያደርገው ደግ ስለ ሆነ ብቻ አልነበረም፤ በቅሎዋ መንገድ ላይ ከወደቀች እርሱ በእግሩ እንደሚሄድ ስለሚያውቅ ነው። የዛሬው ሹም ግን ከመኪናው ወርዶ በሩን ዘግቶ ይሄዳል። መኪናው ቢሰበር ሌላ ይላክልኛል ብሎ ስለሚያምን ስለ ዘይቱ አይጠይቅም። በቅሎዋ የራሱ ነበረች፤ መኪናው የመንግሥት ነው። ለችግሩ ሥሩ ይህ ይመስለናል። የመንግሥት የሆነው ሁሉ የሕዝብ መሆኑን፣ የሕዝብ የሆነውም የእኛው መሆኑን በቃል እንናገራለን እንጂ በግራሶ ፓምፕ ገና አላረጋገጥነውም።

ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅም እናስብ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ለየወረዳው አምቡላንስ እንዲዳረስ ብዙ ጥረት ተደርጓል። አምቡላንሱ ቆሞ በተገኘበት ሌሊት ግን ለወላዷ የሚጠቅማት ባለፈው ዓመት ቁልፉ ሲሰጥ የተነሣው ፎቶግራፍ አይደለም። ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳት እናት በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። የክትባት መድኃኒትም አብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለበት መኪናው በረሃ ላይ ሲቆም በረዶው ይሟሟል፤ መድኃኒቱም ይበላሻል። ክሮቼራው የተሰበረው ከኃላፊው መኪና ላይ ቢሆንም ዋጋውን የምትከፍለው ስሟን የማናውቃት እናት ናት።

ይህን ስንል የሚነሡትን መቃወሚያዎች ሳንሰማ አናልፍም። የመጀመሪያው «በጀት የለም» የሚለው ነው። ለነዳጅ ግን ሁልጊዜ በጀት ይገኛል። ለምን? መኪና ያለ ነዳጅ አንድ እርምጃ አይሄድም፤ ያለ ግራሶ ግን ለጥቂት ወራት ይሄዳል። በጀት የሚዘለለው ጉዳቱ ዘግይቶ ከሚመጣው ላይ ነው። የድሮ ላንድሮቨር ሞተር የሚይዘው ዘይት ስድስት ሊትር ያህል ነው። ያን ስድስት ሊትር ቆጥቦ ሞተር ማስወረድ ቁጠባ አይባልም። ይልቁንም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ የበለጠ እየተወደደ መሄዱን ሁሉም ያውቀዋል። በዚያው በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉም በእጅ ያለውን የመጠበቅን ጉዳይ ለብዙ ሰው ግልጽ አድርጎታል። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚለው ተረት በመኪና ላይ እንዳይፈጸም መጠንቀቅ ይገባል።

ሁለተኛው «ይህ የሹፌሩ ሥራ ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ሥራው የሹፌሩ ነው። ነገር ግን ዓርብ ማታ ከመስክ ተመልሶ ቅዳሜ ለሰርግ፣ እሑድ ለለቅሶ ታዝዞ፣ ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ወደ መስክ የሚነሣ ሹፌር መቼ ከመኪናው ሥር ይግባ? ግራሶ ሳይሰጡት፣ ፓምፕ ሳይገዙለት፣ ቀን ሳይወስኑለት፣ መኪናው ሲሰበር ብቻ ደመወዙን መቁረጥ ፍርድ አይደለም። ሹፌሩን ከመጠየቅ በፊት ጊዜና መሣሪያ መስጠት የኃላፊው ፋንታ ነው።

ሦስተኛው «አሮጌ መኪና ይወገድና አዲስ ይገዛ» የሚለው ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ቴላዮው በዝገት የተበላ፣ ፍሬኑ የማይታመን፣ ጭሱ መንገደኛውን የሚያፍን መኪና ትዝታ ስላለው ብቻ ሰው ሊጫንበት አይገባም። እንዲህ ያለው በጊዜው በጨረታ ይሸጥ፤ ሣር እስኪበቅልበት አይጠበቅ። ነገር ግን አዲስ መግዛት የአያያዝን ግዴታ አያስቀርም። አሮጌውን የገደለ ጠባይ አዲሱንም በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሮጌ ያደርገዋል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው እንኳ የሞተር ዘይት ባይፈልግ ኩሽኔታ፣ ፍሬንና ጎማ አለው።

ከዚህ ሌላ በአፍ የማይነገር አንድ መቃወሚያ አለ። ይኸውም የተማረ ሰው እጁን በግራሶ ማቆሸሽ ያሳፍረዋል የሚለው የቆየ ስሜት ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ለዳግማዊ ምኒልክ የመጣው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሠራተኛን በእጁ ሥራ ምክንያት፣ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩትም በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዘመን መገናኘታቸው ሊያስተምረን ይገባል። ብረት ቀጥቃጭ እየተናቀ በብረት መሄድ አይቻልም። ቋንቋችንን ብንመለከት ግራሶ፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ጎማ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ቃሎቹን ከጋራዥ ተቀብለን የራሳችን አድርገናቸዋል፤ ሕፃን እንኳ ጎማ ሲል የውጭ ቃል መሆኑን አያውቅም። የቀረን ግብሩንም እንደ ቃሉ የራሳችን ማድረግ ነው።

እንግዲህ አንድ ወጣት ሠራተኛ ወደ ወረዳ ተልኮ አንድ አሮጌ የመስክ መኪና ቢረከብ ምን ያድርግ? አንደኛ፣ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ፈልጎ የቅባቱን ሠንጠረዥ ወደ አማርኛ ወይም ሹፌሩ ወደሚያነበው ቋንቋ ይመልስና በግድግዳ ላይ ይለጥፍ፤ እንግሊዝኛ የተማረበት ጥቅም ከዚህ ይጀምር። ሁለተኛ፣ አንድ ደብተር ያውጣ፤ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተለወጠው ዘይትና የተገኘው ጉድለት ይጻፍበት፤ ሹፌሩም እርሱም ከመኪናው አጠገብ ቆመው ይፈርሙበት። ሦስተኛ፣ በሳምንት ግማሽ ቀን ለመኪናው ይወስን፤ ያ ግማሽ ቀን ለሚኒስትርም ቢሆን አይነካ። አራተኛ፣ የዘይትና የግራሶ ገንዘብ ከነዳጁ ተለይቶ በበጀት ይጻፍ። አምስተኛ፣ አራቱን ጎማ የሚያንቀሳቅሰውን ማርሽ በደረቅ አስፋልት ላይ እንዳይጠቀሙበት ያስጠንቅቅ፤ በእነዚህ በድሮዎቹ ብዙዎች ላይ ፊትና ኋላው እኩል ስለሚታሰሩ ዘንጎቹን ያስጨንቃል። ዳሩ ግን ጨርሶ የማይሠራበትም እንዳይደርቅ በወር አንድ ጊዜ ለስላሳ መሬት ላይ ጥቂት ይንዳው። ስድስተኛ፣ የወጣውን አሮጌ ዘይት በመሬት ወይም በወንዝ ዳር አያፍስስ፤ በጄሪካን ያጠራቅመው። በመጨረሻም ሲዛወር መኪናውን ከነደብተሩ ያስረክብ፤ ሰው ተሹሞ ይሻራል፤ ደብተሩ ግን ይቀራል።

ተማሪዎችንም አንድ ነገር እንላቸዋለን። በፊዚክስ ትምህርት ስለ ፍትጊያ፣ ስለ ግፊትና ስለ መፍላት የተማራችሁት ሁሉ በአንድ አሮጌ ላንድሮቨር ሆድ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። በዕረፍት ጊዜያችሁ ወደ አንድ ጋራዥ ሂዱና መካኒኩን በአክብሮት ጠይቁት፤ ብዙ ያስተምራችኋል። ካቻቢቴና ፒንሳ የያዘ እጅ ብዕር ለመያዝ አይበላሽም። ነገ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ የጥገና መጠየቂያ ሲቀርብላችሁ የምትፈርሙበት ነገር ምን እንደ ሆነ የምታውቁ ትሆናላችሁ።

አገር የምትለማው አዲስ ነገር በመግዛት ብቻ አይደለም፤ የተገዛውን በማኖርም ነው። የመጀመሪያውን ገንዘብ ያለው ሁሉ ያደርገዋል፤ ሁለተኛውን የሚያደርገው ግን ልማድ ያለው ነው። ልማድ ደግሞ በዓዋጅ አይመጣም፤ ማለዳ ማለዳ ኮፋኖ ከፍቶ የዘይቱን መለኪያ በጨርቅ ጠርጎ ከማየት ይጀምራል። ነገ ሰኞ ነው። ወደ መስክ የምትነሡ ወጣቶች ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት «ከስምንቱ ስንቱን አይተናል?» ብላችሁ ሹፌራችሁን ጠይቁት፤ ከጠየቃችሁትም በኋላ አብራችሁት ጎንበስ በሉ።